ከእንዶዳም እስከ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፤ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወትና ሥራ

የመታሰቢያ መጽሔት በሚዘጋጅበት ጊዜ ተማሪዎች የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ መጻፋቸው በየትምህርት ቤቱ የቆየ ልማድ ነው። በብዙዎቹም መጽሔቶች ላይ የአሜሪካው አብርሃም ሊንከን፣ የህንዱ ማሕተመ ጋንዲ፣ የእንግሊዙ ዊንስተን ቸርችል ስማቸው ተደጋግሞ ይነሣል። የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ማንበብ ዓይንን የሚከፍት ስለ ሆነ ልማዱ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ከባሕር ማዶ ያለውን ዋርካ ስናደንቅ በደጃችን የበቀለውን እንዳንዘነጋ መጠንቀቅ ይገባናል። እኛም ለዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የአንድ ሴናተር ታሪክ ለመጻፍ በተነሣን ጊዜ፣ ወደ ዋሽንግተን ከመሻገራችን በፊት እዚሁ ወደ ጎዛምን መመልከትን መረጥን። ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱ፣ የቅኔ ተማሪ፣ አርበኛ፣ እስረኛ፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትርና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አገር ሁሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ የጻፉ ሰው አሉንና። እርሳቸውም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

ወደ ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት ሴናተር ማለት ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። ቃሉ የመጣው ከሮማውያን ቋንቋ ሲሆን ሽማግሌ ከሚለው ስም የተወለደ ነው፤ ይኸውም በዕድሜና በዕውቀት የበሰሉ ሰዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ሸንጎ ማለት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ከ50ዎቹ ግዛቶች ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰዎች ለስድስት ለስድስት ዓመት ይመረጣሉ፤ እነዚህም 100 ሰዎች ሴናተሮች ይባላሉ። እነርሱንም ሕዝቡ በቀጥታ በድምፁ መምረጥ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከጸደቀ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚመርጧቸው የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። በአገራችን ደግሞ በ1923 ዓ. ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ አንዱ የሕግ መምሪያ፣ ሁለተኛው የሕግ መወሰኛ ተባለ። በ1948 ዓ. ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው አባሎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ሲደረግ፣ የሕግ መወሰኛው አባሎች ግን እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሆነው ቀሩ። ዘመናቸውም ስድስት ዓመት ነበር። እንግዲህ የአሜሪካው ሴናተር ፊቱን ወደ መረጠው ሕዝብ ሲያዞር፣ የኢትዮጵያው ሴናተር ግን ፊቱን ወደ ሾመው ንጉሥ እንዲያዞር የሚያደርግ ሥርዓት ነበረ ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የክቡር ሐዲስን ሕይወት ስንመረምር ከፊታችን የሚቆመው ጥያቄ ይህ ስለ ሆነ ነው፤ አንድ ሰው ሥርዓቱ አሳድጎት፣ ሥርዓቱ ሾሞትና አክብሮት ሳለ፣ የዚያኑ ሥርዓት ጉድለት ለሕዝብ ሊገልጥ ይችላልን? የሚከተለው ታሪካቸው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ለማለት ይቻላል።

ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ. ም. ነው። አባታቸው ካህን ስለ ነበሩ ልጃቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲያድግ መፈለጋቸው የሚጠበቅ ነበር። በዚያን ዘመን በጎጃም ደጋ ለሚያድግ ልጅ የዕውቀት በር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነው። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፤ ንባብ ይለያል፤ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ በኋላ የሚገፋ ከሆነ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየመንደሩ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከውሻ ጋራ እየታገለ የዕለት እህሉን ይለምናል፤ ሌሊቱን ደግሞ በጎጆው ሆኖ ቅኔ ሲቆጥር ያድራል። ወጣቱ ሐዲስም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል፤ እነዚህም ሦስቱ በጎጃም በሊቃውንት መፍለቂያነታቸው የታወቁ ደብሮች ናቸው።

የቅኔ ትምህርት ምን እንደሚያስተምር ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልናብራራ እንወዳለን። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ቅኔ እንዲቆጥር ይገደዳል፤ የትናንቱን መድገም ወይም የሌላውን መውሰድ ነውር ነው። ቅኔውም ሰምና ወርቅ አለው፤ በላይ የሚታየው ቃል ሰሙ ነው፤ ከሥሩ የተሰወረው ምሥጢር ወርቁ ነው። መምህሩ በጉባኤ መካከል የተማሪውን ቅኔ ያርማሉ፤ ያበጁታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይነቅፉታል። ስለዚህ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ አንደኛው ቃልን መዝኖ መናገር ነው፤ ሁለተኛው ግልጥ ሆኖ ከሚታየው ነገር ሥር የተሸሸገውን መፈለግ ነው። ክቡር ሐዲስ በኋላ ዘመን በጻፏቸው መጻሕፍት ይህን ሁለቱንም እናገኛለን።

ከዚህ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በዋና ከተማዋ የዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ገና በጣት የሚቆጠር ነበር። እርሳቸውም በመጀመሪያ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በ1917 ዓ. ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። በወጣትነታቸውም የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ የተባለ ቴአትር ደረሱ። ርእሱን ብቻ የሚመለከት ሰው እንኳ የወጣቱ ሐሳብ ወዴት ያዘነብል እንደ ነበረ ሊረዳ ይችላል፤ አገሩን ይወዳል፤ ነገር ግን አገሩ ከኋላ ቀርነት ጋራ ተጋብታ መኖሯን አይወድም። ይህ ሐሳብ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ አልተለያቸውም። ትምህርታቸውን ካደረጉ በኋላም ወደ ጎጃም ተመልሰው አገራቸውን ማገልገል ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ራስ ኃይሉ ከጎጃም ገዥነት በ1924 ዓ. ም. ተሽረው በምትካቸው ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሹመው ነበር።

ይህ የሰላም አገልግሎት ግን ብዙ አልቆየም። በመስከረም ወር 1928 ዓ. ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ልዑል ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር አስከትተው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ ሐዲስ ዓለማየሁም አብረው ዘመቱ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ሽሬ ያለው መንገድ በእግርና በበቅሎ የብዙ ሳምንት ጉዞ ነው፤ የጠላት አይሮፕላንም በየመንገዱ ቦምብ ይጥል ነበር። በታኅሣሥ ወር የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና በጠላት ላይ ድል አገኘ። ከዚያ በኋላ ግን ጠላት በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ጣለ፤ ጋዙም የሰውን ሥጋ የሚያቃጥል፣ ዓይንን የሚያጠፋ፣ የወታደሩንም የውሃ መጠጫ የሚበክል ነበር። በየካቲት መጨረሻ በሽሬ ከተደረገው ብርቱ ውጊያ በኋላ ጦሩ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ተገደደ።

በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ. ም. ጠላት አዲስ አበባ ቢገባም ጦርነቱ በዚያ አላበቃም። ልዑል ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ አልፈው በጎሬ በኩል ተቃውሞውን ቀጠሉ፤ ጥቁር አንበሳ የተባለው ማኅበር አባሎች የሆኑ የተማሩ ወጣቶችም ከእርሳቸው ጋራ ተባበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከመሪያቸው አልተለዩም። የክረምቱ ዝናብ፣ የስንቅና የጥይት እጦት፣ የጠላትም ኃይል መብዛት ተደማምሮ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ. ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ፤ ራስ እምሩም ከተከታዮቻቸው ጋራ በጠላት እጅ ወደቁ። ይህ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ የደረሰው ጭፍጨፋ ተከተለ፤ በእርሱና ከእርሱም በኋላ በነበሩት ቀኖች ከወጣት ምሁራን ብዙዎቹ እየታደኑ ተገደሉ። አገሪቱ በስንት ድካም ያስተማረቻቸው ጥቂት ልጆቿ በጥቂት ቀኖች ረገፉ።

እስረኞቹ ባሕር ተሻግረው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በፖንዛ ደሴት፣ በኋላም ከሲሲሊያ በስተሰሜን ባለችው በሊፓሪ ደሴት ታስረው ኖሩ። እነዚህ ደሴቶች የፋሺስት መንግሥት የገዛ አገሩን ተቃዋሚዎች ጭምር የሚያግዝባቸው ሥፍራዎች ነበሩ። የጎጃም ደጋ ልጅ፣ ዙሪያውን ባሕር ከቦት፣ ወሬ ከአገሩ ሳይመጣለት ዓመታት ሲቆጥር ምን ይሰማው እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም። የታሪክ ነገር አስገራሚ ሆኖ ግን፣ አገራችንን የወረረው ሙሶሊኒ ራሱ በሐምሌ ወር 1935 ዓ. ም. ከሥልጣን ወርዶ በተያዘ ጊዜ ለጥቂት ቀን በእስር የቆየው በዚያችው በፖንዛ ደሴት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሲሲሊያን በያዘ ጊዜ ሐዲስ ዓለማየሁ ከሰባት ዓመት ገደማ እስራት ነፃ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የጦርነቱንና የስደቱን ዘመን ታሪክ ከብዙ ዓመታት በኋላ ትዝታ በተባለው መጽሐፋቸው በ1985 ዓ. ም. አሳትመውታል።

ከነፃነት በኋላ የነበረችው ኢትዮጵያ የተማረ ሰው እጅግ የጠማት አገር ነበረች። ከሞት የተረፉት ጥቂቶች የብዙ ሰው ሸክም እንዲሸከሙ ግድ ሆነባቸው። ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ ውጭ ጉዳይ ሥራ ተመደቡ። በመጀመሪያ በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ ከዚያም ወደ ዋሽንግተን ተላኩ። በ1939 ዓ. ም. ክረምት በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ላይም ኢትዮጵያን ወክለው ተገኝተዋል። በደበሎ ተጠቅልሎ ቅኔ ይቆጥር የነበረ ልጅ፣ መንግሥታት ስለ ሬዲዮ ሞገድና ስለ ስልክ መስመር በሚከራከሩበት አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጥ ማየት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ደግሞም ዋሽንግተን የአሜሪካ ሴናተሮች የሚሰበሰቡባት፣ የሕዝብ እንደራሴ የመንግሥትን ሥራ በአደባባይ የሚመረምርባት ከተማ ናት፤ በዚያች ከተማ የኖረ ኢትዮጵያዊ ዲፕሎማት የሁለቱን አገሮች ሥርዓት በልቡ ሳያመዛዝን አይቀርም።

ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍ ባለ ማዕርግ ሠሩ፤ ከ1948 ዓ. ም. በኋላም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ኒው ዮርክ ተቀመጡ። ኢትዮጵያ ከድርጅቱ 51 መሥራች አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ነፃ የነበሩት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ድምፅ የአንድ አገር ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ መናገሪያ ወንበር ያልነበራቸው የብዙ ሕዝቦች ተስፋ ነበረበት። ቀጥሎም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ ከ1953 ዓ. ም. ጀምሮ በለንደን አምባሳደር ሆነው ሠሩ፤ በ1957 ዓ. ም. ደግሞ ወደ አገራቸው ተመልሰው የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆኑ። በነዚህ ሁሉ ሹመቶች መካከል ብዕራቸው አላረፈም። በ1948 ዓ. ም. ተረት ተረት የመሠረት የተባለውን የተረት መጽሐፍ፣ እንዲሁም ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ቤት ትርጉም የጻፉትን መጽሐፍ አሳትመዋል።

በ1958 ዓ. ም. ግን ስማቸውን ለዘለዓለም የተከለው መጽሐፍ ወጣ፤ እርሱም ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሌላ አገር አይደለም፤ በማንኩሳ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በዓባይ በረሃ ነው። የማንኩሳው ገበሬ የቦጋለ መብራቱ ልጅ በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጠ፣ በቅኔ የበሰለ ወጣት ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ትልቁ ቤት ይጠራል። በመካከላቸውም ፍቅር ይበቅላል፤ ነገር ግን በአጥንትና በዘር ቆጠራ የተሠራው ግንብ ይለያያቸዋል። በዚህ በፍቅሩ ታሪክ ዳር ሌላ ታሪክ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጪ የሆነ መዋጮ በገበሬዎቻቸው ላይ ሲጥሉ፣ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ብለው ይነሣሉ፤ ጌታውንም ይማርካሉ። ጉዱ ካሣ የተባለው የፊታውራሪው ዘመድ ደግሞ የዘመኑን ልማድ በግልጥ ስለሚተች ሰው ሁሉ እንደ እብድ ይቈጥረዋል፤ አንባቢው ግን ከሁሉ ይልቅ ጤነኛው እርሱ መሆኑን ቀስ በቀስ ይረዳል።

እንግዲህ ከላይ ያነሣነው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ከመንግሥት የተጣላ ሸፍጠኛ ወይም በስደት የሚኖር ተቃዋሚ አልነበረም፤ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ. ም. ክቡር ሐዲስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ እስከ 1966 ዓ. ም. ድረስም በዚያ ቈዩ። በዚያ ምክር ቤት መሳፍንትና መኳንንት፣ የቆዩ ሹማምንትና ባለ ርስቶች ይገኙ ነበር። በመጽሐፋቸው ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻን ኑሮ የመረመሩት ደራሲ፣ በሥጋ ከእውነተኞቹ ፊታውራሪዎች ጋራ ጎን ለጎን ተቀመጡ ማለት ነው።

ዓመቱም ቀላል ዓመት አልነበረም። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በ1960 ዓ. ም. የጎጃም ገበሬ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አካባቢ ተነሥቶ ነበር፤ ገበሬው መሬቱ ቢለካ ርስቱ የሚነጠቅ ስለ መሰለው ለካዮቹን አላስገባም አለ፤ መንግሥትም ጦር ላከ፤ ብዙ ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ ገዥው ተነሥተው የቆየው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። ከሁለት ዓመት በፊት የታተመውን ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የአበጀ በለውን ታሪክ ሳያስታውስ አይቀርም። የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስነው ረቂቅ ሕግም በእነዚያው ዓመታት ወደ ፓርላማው ቀርቦ ሳይጸድቅ ዘመኑ አለቀ። የገበሬውን ሸክም ሊያቀልለው የሚችለው ሕግ በአዳራሹ ውስጥ ሲንጓተት፣ የገበሬውን ብሶት የያዘው መጽሐፍ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ምክር ቤቱ ያላደረገውን መጽሐፉ በሰው ልብ ውስጥ አደረገው።

በ1966 ዓ. ም. አብዮት ፈነዳ። ክቡር ሐዲስም በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ፤ ጥያቄው በርግጥ የሰዓቱ ጥያቄ ነበር። ሥልጣኑን የያዙት ወታደሮችም ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ጠየቋቸው፤ እርሳቸው ግን አልቀበልም አሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ፓርላማው ተዘጋ፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትም በዚያው አበቃ። በኅዳር ወር ደግሞ ስድሳ የሚሆኑ ሹማምንት ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ከነርሱም መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ነበሩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እየተባለ በሚተረትበት አገር፣ የመጨረሻውን ከፍተኛ ሹመት እንካችሁ ሲባል እጅን መሰብሰብ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንድ ሰው ይህን ጎመን በጤና ከማለት ሊቆጥረው ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አናይም፤ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ፍትሕ የጻፈ ሰው፣ ፍትሕ የሌለበትን ወንበር ለመያዝ እምቢ ማለቱ ከጽሑፉ ጋራ የሚስማማ ነው እንላለን።

ከዚያ በኋላ ጊዜያቸውን ለመጻፍ ሰጡ። በ1974 ዓ. ም. ወንጀለኛው ዳኛ፣ በ1980 ዓ. ም. የልምዣት የተባሉትን ልብ ወለዶች አሳተሙ። በዚህ መካከል ፍቅር እስከ መቃብር ሁለተኛ ሕይወት አገኘ፤ ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገሩ በሙሉ አዳመጠ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች፣ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው የበዛብህንና የሰብለን ዕድል ሲሰሙ አነቡ። አንድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ሽልማት ይሻል? መጽሐፉ የተጻፈላቸው ገበሬዎች ራሳቸው ማንበብ ሳይችሉ ሰሙት፤ የራሳቸውንም ኑሮ በውስጡ አወቁት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ. ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርስቲም በስማቸው የባህል ጥናት ተቋም ተመሥርቶላቸዋል።

የአንድን ሰው ሕይወት ስንጽፍ ማመስገን ብቻ ሳይሆን መመዘንም ይገባናል። ክቡር ሐዲስ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሳሉ የዘመኑን ሥርዓት ሊለውጡት አልቻሉም፤ ማንም አንድ ሰው ብቻውን ሊለውጠው የሚችል አልነበረም። በሹመት የሚገኝ ወንበር ሹመቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ሥርዓቱ ሲወድቅም አብሮ ይወድቃል። እነሆ ዛሬ በዚያ ምክር ቤት የተቀመጡትን ሰዎች ስም በሙሉ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን፣ የጉዱ ካሣንና የአበጀ በለውን ስም ግን በአገራችን የማያውቅ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ የምንረዳው ሹመት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ አገር ያለ ሚኒስትርና ያለ አምባሳደር አትቆምም። የምንረዳው፣ ሹመት ሲያልፍ የሚቀረው ሰውየው በተሾመ ጊዜ ያየውን እውነት በምን መልክ ለሌላው እንዳስረከበ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ በተለይም ከእኛ ጋራ በአንድ ወንበር የምትማሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን! ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንድንይዝ እንመኛለን። አንደኛው፣ የአባቶች ትምህርትና ዘመናዊው ትምህርት ጠላቶች አለመሆናቸው ነው፤ ክቡር ሐዲስ የቅኔውን ሚዛን ይዘው ወደ ተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ ገብተዋል። ሁለተኛው፣ አገርን መውደድ ማለት ጉድለቷን መሸፈን አለመሆኑ ነው፤ እርሳቸው ለኢትዮጵያ ነፃነት ሲሉ በሽሬ ተዋግተው በሊፓሪ ታሰሩ፤ ለዚያችው ኢትዮጵያ ሲሉም የገበሬዋን እንባ ጻፉ፤ ሁለቱም አንድ ፍቅር ነው። ሦስተኛው፣ ሰው እሺ ባለው ብቻ ሳይሆን እምቢ ባለውም እንደሚታወቅ ነው።

ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ መምህር፣ ዳኛ ወይም የሕዝብ እንደራሴ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ የዲማና የማንኩሳ፣ የእንዶዳምና የደብረ ኤልያስ ሰው ከእርሱ ምን እንደሚጠብቅ ሊያስብ ይገባዋል። ወንበሩ ከፍ ባለ መጠን የመንደሩን ሰው ማየት እየከበደ ይሄዳልና፣ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ገበሬውን ማየት የቻለ ሰው ከዚሁ ከአካባቢያችን መውጣቱን እያስታወስን ትምህርታችንን በትጋት እንቀጥል።